ሽማግሌ ጭና የተንበረከከችው መኪና

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያውቃቸው ሁለት ሙያዎች አሉ፤ አንዱ ሕክምና፣ ሌላው መካኒክነት። ራሴን አመመኝ ብላችሁ ላገኛችሁት ሰው ተናገሩ፤ ከምርመራው እስከ መድኃኒቱ እዚያው ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። መኪናማ መንገድ ዳር አቁማችሁ ኮፈኑን ክፈቱና እዩት! ሲያርስ የነበረ ገበሬ ሳይቀር በሬዎቹን አቁሞ ይመጣና፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰድዶ፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ "ዘይት ሳይሆን አይቀርም" ይላል። ዘይት አለመሆኑን እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ግን ምን ይበል? የተቸገረ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ እኮ ነውር ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ የምነግድ ሴት ነኝ። ከጅጋና ከቡሬ ገበያ እየሰበሰብኩ ባሕር ዳር ላሉ ደንበኞቼ አደርሳለሁ። የምጭንባት መኪና ደግሞ አሮጌ ፎርዊል ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ዘመዶቿ ቢሰሙ ይቀየሙኛል። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ ኃላፊው ይንፈላሰስባት የነበረችውን መኪና በጨረታ አወጣት፤ እኔ ገዛኋት። ሌላ ገዢ ለምን እንዳጣች አልጠየቅኩም። ሰው ቆንጆ ነገር ሲያይ መች ይጠይቃል?

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ይህች መኪና እንደ ሌላው መኪና ባሌስትራም ሞላም የላትም። በብረት ፈንታ በአራቱም እግሮቿ ላይ የአየር ከረጢት ነው ያላት። ኮምፕሬሰር የሚባል ትንሽ ማሽን አየር እየነፋ ከረጢቶቹን ሲሞላ ብድግ ትላለች፤ አየሩ ሲወጣ ዝቅ ትላለች። ዳሽቦርዷ ላይ ቁልፎች አሉ። አንዱን ስትጫኑ ለድንጋያማ መንገድ ሽቅብ ትመዘዛለች፤ ሌላውን ስትጫኑ ሰው በቀላሉ እንዲገባና እንዲወርድ ትንበረከካለች። አዎ፣ እንደ ግመል ትንበረከካለች። ባለቤቷ እኔ ሆኜ እንኳ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ከመሬት ተነስቼ እጅ ነሳኋት።

ታዲያ ኑሮውን በአየር ላይ የመሠረተ ፍጥረት መቼም አያርፍም። በገዛኋት ሰሞን ደህና ቆማ አድራ ጠዋት ስወጣ የኋላ ግራ እግሯ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጎረቤቴ መጥታ አይታ ዓይን ነው አለችኝ። ጎሚስታው ደግሞ፣ እኔ ጎማ ሲተነፍስ ውሃ ውስጥ ነው የምነክረው፣ አንቺም እንደዚያ አድርጊ ብሎ መከረኝ። እስቲ መኪና የት ገንዳ ውስጥ ይነከራል? ግን ምክሩ ከመንገድ የሚጣል አልነበረም። እንዶድ ወቅጬ፣ አረፋውን በየከረጢቱና በየቧንቧው ላይ ቀባሁት። የኋላው ከረጢት እጥፋት ላይ አረፋው እንደሚፈላ ወጥ ይንተከተክ ጀመር። ተሰንጥቋል! ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ቀየርኩት። ሌላ ጊዜ ፊውዝ ተቃጠለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ እያቃሰተ እምቢ አለ፤ ባሕር ዳር ያለው መካኒክ ፈትቶ ሲያየው የአየር መሳቢያው በበርበሬ ብናኝ ተደፍኗል። መካኒኩ ማጣሪያውን አራግፎ ቀኑን ሙሉ ሲያነጥስ ዋለ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ምን ላድርግ?

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሥርዓቷን ተማርኩ። አልነሳም ስትል መጀመሪያ ጆሮ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው ወይስ ዝም ብሏል? ዝም ካለ ፊውዝ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ሪሌይ፣ ኤሌክትሪኩን የምትለቅና የምትዘጋው ትንሿ ሳጥን። እየሠራ የማትነሳ ከሆነ ደግሞ የእንዶድ አረፋ። ከዚህ ያለፈውን ለፈጣሪ ነው የምተወው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ምንይችል የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የእንስሳት ጤና ተምሮ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ይከትባል። ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ካለ አንድ ቀበሌ በሬ ሊከትብ ሄዶ፣ በሬውን የያዘችለትን ልጅ አይቶ መጣ። ልጅቷ ትጓደድ ትባላለች፤ ማንኩሳ አስተማሪ ናት፤ ያን ዕለት አባቷን ልትረዳ ቤት ነበረች። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ማንኩሳ ያልታመመ ከብት ሊያክም መመላለስ አበዛ። ተዋደዱ። ተዋደው ሲያበቁ ነገሩ ሽማግሌ ጋ ደረሰ።

ሽማግሌዎቻችን ሦስት ናቸው። አንደኛው ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳነወርቅ፤ ሲናገሩ የሚያዳምጣቸው ሰው የመጣበትን ይረሳል። ሁለተኛው አጎታችን አያ ዘለቀ፣ ሦስተኛው የምንይችል የክርስትና አባት አቶ ካሴ። መጀመሪያ ጊዜ ሄደው የልጅቷ አባት አያ ታደገ ልምከርበት ብለው መልሰዋቸዋል። ይህ ወግ ነው፤ በአንድ ጊዜ ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። ሁለተኛው ቀጠሮ ግን ያስፈራ ነበር። ቡሬ ያለ አንድ ባለጸጋ ነጋዴም ለልጁ ትጓደድን ሊጠይቅ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ተቀጥረዋል የሚል ወሬ ሰማን። ምንይችል እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ አለ። ያሳደጋችሁት ልጅ ሲከፋው ማየት ክፉ ነው።

ሽማግሌዎቹን የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። አደራችሁን፣ ሾፌር ሆኜ ብቻ ነው! ሽምግልና የወንድ ወግ ነውና ከጠያቂዎቹ ጋር መቆም አይገባኝም ተባለ። ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ፣ መኪናው የእኔ፣ ነዳጁ የእኔ፣ አፉ ግን የእነሱ። በሆዴ ተንጨረጨርኩ፤ በአፌ እሺ አልኩ። መኪናዋን አጠብኳት፣ የእንዶድ ምርመራዬን አደረግኩላት፣ ጤነኛ ናት ብዬ ፈረምኩላት። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ሲሄድ ሰው እንዳያየው ነውና ማንም ሳይሸኘን፣ ሹልክ ብለን ወጣን። መንገድ ላይ ወንበሩ ውስጥ የቀረው የበርበሬ ብናኝ መሪጌታን ያስነጥሳቸው ጀመር። ያነጥሳሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ይማርዎ ይላሉ፤ ደግመው ያነጥሳሉ። ለነገሩ ያዘጋጁትን ንግግር ሁሉ እንዳያስነጥሱት ሰጋሁ።

አያ ታደገ ደጃፍ ስንደርስ መኪናዋን አንበረከክኳት። እፍፍፍ ብላ ዝቅ አለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሳይጎትቱ፣ እግራቸውን ሳይሰቅሉ፣ በክብር ወረዱ። መሪጌታ ዘወር ብለው አይተዋት ትሑት መኪና ናት አሉ። ኩራቴን ብታዩት! ግቢው ውስጥ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቶ ነበር፤ እነሱ ከቤቱ ፊት ሄደው ሲቆሙ እኔ አጥሩ ሥር ቀርቼ አንድ ፍሬ አንስቼ አሸተትኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ አያርፍም። ደህና በርበሬ ነበር።

አያ ታደገ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። መሪጌታ ተናገሩ፣ አሳመሩ። አያ ታደገም ልጁን አልጠሉትም፤ ዘሩንም አልነቀፉም። ግን አንድ ነገር ሆዳቸው ውስጥ አድሯል፤ እሱኑ አወጡት። ያ ልጅ በሬዎቼን ሊከትብ የመጣ ዕለት ቤት ግባ ብለው አልገባም፤ ውሃ እንኳ ብለው አልቀመሰም፤ በሬዎቼን ወጋ ወጋ አድርጎ ሮጠ። ከተሜ መቼም ችኩል ነው፤ ተቀምጦ የማያወጋ ቤት ውስጥ ልጄን እንዴት ልጨምራት? አሉ። ከዚያም እሁድ የሚመጡም አሉ፣ ሁሉንም ሰምቼ ልላክባችሁ ብለው ጨረሱ።

ልላክባችሁ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ከአጥሩ ሥር ሆኜ አወቅኩ። ወንድሜ ለምን እንደቸኮለ እኮ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ያን ዕለት ሌላ ሰፈር የታመመች ላም ትጠብቀው ነበር። ግን ሾፌር ነኝ፤ ሾፌር አፍ የለውም። ዓይኔን ጠረግኩና ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ሞተሩን አስነስቼ፣ መኪናዋን እንደተንበረከከች ይዤ ጠበቅኳቸው። ቢያንስ በክብር ይግቡ።

አሁን እንግዲህ የአገሩን ወግ ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ልጁን የከለከለህ ሰው እንኳ ሸኝቶ ነው የሚከለክልህ። አያ ታደገ፣ ሚስታቸው እትዬ እናኑ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ እስከ መኪናዋ ተከትሎ ወጣ። አያ ዘለቀና አቶ ካሴ ከኋላ ገቡ። መሪጌታ ከፊት ተቀመጡና በሩን በእጃቸው ያዙ፤ አንድ እግራቸው መሬት ላይ ነው። በሉ ግቡ እንግዲህ፣ ፀሐዩ በረታ አሉ። አያ ታደገ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ የለም፣ እናንተ እለፉ እንጂ አሉ። ደህና ሁኑ፣ ደህና ግቡ፣ ለዘመድ ሁሉ ሰላም በሉልን። እንዲህ ያለ ስንብት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይታወቅም።

እኔ መኪናዋን ከፍ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። መኪናዋ ግን ከተንበረከከችበት ንቅንቅ አላለችም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ወፍ የለም። ዝቅ እንዳለች ልንዳት ብዬ ትንሽ ፈቀቅ ሳደርጋት፣ ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ደጁ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ሆዷን ክርርር አደረገው። አቆምኩ። ትንሽ ብገፋ ማርሚታዬን እዚያው ጥሎሽ ሰጥቼ መሄዴ ነበር።

ይኸው ጀመረ! አያ ዘለቀ ከኋላ ሆነው ክብደት በዝቶባት ይሆናል፣ ካሴ ይውረድ አሉ። አቶ ካሴ እኔን ምን አመጣኝ ብለው ተቆጡና፣ እንደምታስቡት ዘይት ሳይሆን አይቀርም አሉ። አያ ታደገም ጎንበስ ብለው ከሥር አዩዋት። ላም ተኝታ አልነሳም ስትል መጀመሪያ ምን በላች ተብሎ ነው የሚጠየቅ፤ እስቲ ነዳጅ ከየት ቀዳሽ? አሉኝ። እትዬ እናኑ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የሀገር ልብሴን እንደለበስኩ ነጠላዬን አገልድሜ ሥራ ጀመርኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ኮምፕሬሰሩ ዝም ብሏል። ፊውዙን አወጣሁ፤ ደህና ነው። የጡሩምባውን ሪሌይ ነቅዬ በኮምፕሬሰሩ ቦታ ሰካሁ፤ ያው ዝም። ይህ እንግዲህ ከእኔ ሥርዓት ውጭ የሆነ በሽታ ነው። ተስፋ ስቆርጥ፣ ምናልባት አየሩ ሁሉ ወጥቶባት ይሆናል ብዬ እንዶድ ይኖራችሁ ይሆን? አልኩ።

እንዶዱን በጣሳ በጥብጣ ያመጣችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ትጓደድ። ቀይ ዳማ፣ ዓይኗ ልቅም ያለ ልጅ። ወንድሜ ለካ አላበደም አልኩ በልቤ። መኪናዋ ጎን ተጋድሜ፣ እጄን ወደ ሥሯ ሰድጄ አረፋውን ስቀባ እሷም ጣሳውን ይዛ አጠገቤ ተንበረከከች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ከከንፈሯ በማይወጣ ድምፅ፣

"እትዬ፣ በሞቴ ቶሎ እንዳትጠግኗት" አለችኝ።

"ምነው ልጄ?"

"አባዬ እየለመዳቸው ነው።"

ጆሮዬን ወደ እነሱ ጣል ሳደርግ እውነትም ወሬው ሌላ ሆኗል። አያ ታደገና መሪጌታ በተከፈተው በር በኩል ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ስለ ደብሩ ጣሪያ፣ ስለ በቆሎው ነቀዝ ያወጋሉ። አያ ታደገ፣ ቤቴ አንቀመጥም ብላችሁ እዚህ ተቀመጣችሁ ብለው ቀለዱ። መሪጌታም መሬት የረገጠች እግራቸውን እያሳዩ፣ ገሚሴ እኮ አሁንም ቆሟል አሏቸው። ተሳሳቁ። አያ ዘለቀ ደግሞ በመሐል ገብተው፣ የዚያን ዕለቷን የታመመች ላም አነሱ። ልጁ የሮጠው ላሟ ምጥ ላይ ስለነበረች ነው፤ እሷንም ጥጃዋንም አትርፏል አሏቸው። አያ ታደገ፣ አረግ፣ ይህንንማ ማን ነገረኝ? አሉ። እሰይ አያ ዘለቀ! አልኩ ከመኪናዋ ጎን ተጋድሜ። በዚህ መሐል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ምንይችል ነው። ምን አሉ? አለኝ። ተረጋጋ፣ ገና አልተነሳንም ብዬ ዘጋሁበት። እጄ አረፋ ብቻ ነው፣ ምን ላብራራለት?

አረፋው ግን የትም ቦታ አልፈላም። አራቱም ከረጢት ጤነኛ፣ ቧንቧው ሁሉ ጤነኛ። ተነስቼ መሪው ላይ ተቀመጥኩና ዳሽቦርዱን ትክ ብዬ አየሁት። አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች፤ በሯን የከፈተች የመኪና ሥዕል። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ያለው መካኒክ እያነጠሰ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ይህች መኪና በሯ ከተከፈተ አትነሳም አትወርድም፤ የሰው እግር እንዳትጨፈልቅ ብለው እንደዚያ ሠርተዋታል ብሎኝ ነበር። እኔ መች ጉዳዬ ሆነ? ዘወትር የምጭነው በርበሬ ነው። የበርበሬ ጆንያ በር ይዞ አይሰናበት!

ለካ ዓይኔ እያየ ነው። መሪጌታ ከገቡ ጀምሮ ያን በር ለቅጽበት አልዘጉትም። ይህን መኪና ያሰበው መሐንዲስ መቼም ብልህ ሰው ነው፤ ግን ጎጃም ውስጥ ዘመድ የለውም። እሱ አገር ሰው ቻው ይልና ድርግም አድርጎ ይዘጋል፣ ይሄዳል። በሩን ከፍቶ፣ እግሩን አውጥቶ፣ የጎረቤቱን አማት ጤና ሳይቀር ጠይቆ የሚሰናበት ሕዝብ እንዳለ ማን ይንገረው?

ቀስ ብዬ ወደ መሪጌታ ዞርኩና በሩን ቢዘጉልኝ አልኳቸው። እንደ ሰማይ ተቆጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተቆጡት፣ እሱ ይብሳል። እነሱ ቆመው? ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወርጄ ወደ እትዬ እናኑ ሄድኩና፣ ፀሐይ ነው፣ እናንተ ብትገቡ አልኳቸው። አንቺ ልጅ፣ እንግዳችን ደጅ ቆሞ? አሉኝ። በቃ፣ ታሰርን። በሩ ካልተዘጋ መኪናዋ አትነሳም፤ ባለቤቶቹ ካልገቡ መሪጌታ በር አይዘጉም፤ መኪናዋ ካልሄደች ባለቤቶቹ አይገቡም። ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። አንድ ባለጌ ብናገኝ ኖሮ ይህኔ ማንኩሳን አልፈን ነበር።

እኔ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሾፌር ነሽ ተብዬ አፌ የተለጎመው እኔ፣ ባለጌዋ እኔው ልሁን አልኩ። አያ ታደገ ፊት ቆሜ፣ እጄን እያፍተለተልኩ፣ መኪናዋ በሽታ እንደሌለባት፣ ያሰራት በሩ እንደሆነ፣ በሩን ያሰረው የእርስዎ መቆም እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘርኩላቸው። ወይ ጉድ፣ የወንድሜን ነገር ጨርሼ አጠፋሁት አልኩ በልቤ።

አያ ታደገ ወደ መሪጌታ ጠጋ አሉ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ በሩን የከፈቱት ለእኛ ነው?"

"ታዲያ ፊትዎ ላይ በር ልዝጋ?"

"ልላክባችሁ ብዬ ሰድጃችሁ እንኳ?"

መሪጌታ የያዙትን በር አለቀቁትም። አያ ታደገ በትራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ። ወደ ቡሬ አቅጣጫ አዩ፤ እሁድ የሚመጡትን ያሰቡ መሰለኝ። ከዚያ ጣሳ ይዛ አንገቷን ወደ ደፋችው ልጃቸው አዩ። 

"የሚሸኝ እንግዳ ነው" አሉ አያ ታደገ። "የቤት ሰው አይሸኝም።"

ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ደህና ሁኑም ሳይሉ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ።

መጀመሪያ ያልገባን ሁላችንም ነን። ጀርባ መስጠት እኮ ነው! አቶ ካሴ ተሰደብን ብለው መጉረምረም ጀምረው ነበር። ቀድማ የገባት ትጓደድ ናት፤ ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ እትዬ እናኑ እልል አሉ። እልልታቸውን ሲሰሙ መሪጌታ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡና፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እኔም ሮጬ መሪው ላይ ተቀመጥኩ፣ የእኔንም በር ዘግቼ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ኮምፕሬሰሩ እምምም አለ። ያ ድምፅ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። መኪናዋ ጣት በጣት ትነሳ ጀመር፤ እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ምንይችልን አንቀልባ ላይ አዝዬው የዞርኩበት ጊዜ ሁሉ መጣብኝ።

ገና ከግማሽ ሳትደርስ ግን እትዬ እናኑ መስኮቱን መቱት። ወዴት ነው? የቤት ሰው እህል ሳይቀምስ ይሄዳል? ቆመው የዋሉትስ አይቀመጡም? አሉ። ሦስቱም በር ባንድ ጊዜ ተከፈተ፤ መኪናዋ ግማሽ ተነስታ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ እግራቸውን እየሰቀሉ፣ እየተንጠለጠሉ ወረዱ። እኔ እጄን ካረፋው ላለቀልቅ ብዬ ስዘገይ እትዬ እናኑ ክንዴን ያዙኝ። አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ ደጅ? አሁን ሾፌር አይደለሽም፣ የልጄ አማት ነሽ ብለው እየጎተቱ አስገቡኝ። ሞተሩን ላጥፋ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። አያ ዘለቀ ከኋላችን ቀርተው በሮቹን አንድ ባንድ ዘግተው መጡ፤ ደጅ የሚሰናበት ሰው ስለሌለ ነውር አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ከንጋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከመሪጌታ ቀጥሎ ተቀመጥኩ፤ ማንም ቦታሽ አይደለም አላለኝ። ለምንይችል ልደውል ስልኬን አውጥቼ በበሩ ወደ ውጭ ብመለከት፣ መኪናዬ ባዶዋን፣ ሞተሯ እየሠራ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ሰዓት እሷ ሽቅብ ተመዝዛ ቀጥ ብላ ቆማለች።